ዋሻው ውስጥ ማን አለ? ታትሞ የመጣ ጀብዱ በይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ወጣት የሚሄድበት ቦታ በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል። ፑል ቤት፣ ኳስ የሚታይበት ቤት፣ ጫት ቤት፣ የውርርድ ቤት። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ጊዜያት እነዚህም ይዘጋሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ስልኩም ሰዓት ከማየት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። የቀረው ቤት ተቀምጦ ማውራት ነው። ወሬውም የታወቀ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ተመታ፣ እነማን ናቸው ያደረጉት።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ምሽት ስለሚሆን አንድ ጨዋታ ነው። የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታይ «አገር እንዲህ ሆና ስለ ጨዋታ ይወራል?» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ባያልፈው ይሻላል። የጨዋታው ዋና ጥያቄ ከደብረ ሲና እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ ላይ በየቀኑ የሚጠየቅ ነውና፦ ከጠረፉ ማዶ ያለው ማን ነው?

ጨዋታው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርኔሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን በፈረንጆቹ 1974 ታተመ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ጦረኛ፣ ሌባ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ። አንዱ ግን ገጸ ባሕርይ አይይዝም፤ ዓለሙን ነው የሚይዘው። በሩ ላይ ማን እንደቆመ፣ ገበያው ውስጥ ምን እንደሚሸጥ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። በአማርኛ «አጫዋች» ቢባል ይበቃዋል። ተጫዋቹ «በሩን ገፋሁት» ይላል፤ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፤ አጫዋቹ ተከፈተ ወይም እንቢ አለ ብሎ ይቀጥላል። የግድ የሚያስፈልግ ሰሌዳ የለም፣ ስክሪን የለም፣ አሸናፊም የለም። አንድ ታሪክ ለወራት ሊቀጥል ይችላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የጀመረ ልጅ መልሱ ሲጠፋው አገር ይሰጣል። የተሰጠውም ልጅ ጎንደርን ወይም ሐረርን በቃል ተረክቦ፣ እዚያ ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንዳጀበው እያወራ ያላወቀውን ያበሽቀዋል። አንድም ቀን ያላየውን ከተማ ገዝቶ ይመለሳል። ይህ የሚና ጨዋታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ልዩነቱ የእንቆቅልሹ አገር ዕድሜው አንድ ደቂቃ መሆኑና፣ የአገሩ ሕዝብ አፍ አውጥቶ የማይመልስ መሆኑ ነው። በጠረጴዛው ጨዋታ ሕዝቡ ይመልሳል። አጫዋቹ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

አጫዋችነት ከባድ ሥራ ነው። ዓለም ሙሉ ከራስ አውጥቶ፣ መንደሩን ሰይሞ፣ የገዥውን ጠባይ ሳይቀር አስቦ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሰው ፊት መቀመጥ ለማንም አይቀልም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ተዘጋጅተውና ታትመው የሚሸጡ ጀብዱዎች ወጡ። የታተመ ጀብዱ ልብ ወለድ አይደለም። ቴአትርም አይደለም፤ ዋናዎቹ ተዋናዮች ምን እንደሚናገሩ አልተጻፈምና። ካርታ አለው፤ በካርታው ላይ ያሉ ቤቶች ቁጥር አላቸው፤ በየቁጥሩ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚፈልግ ተጽፏል። ቀሪው የጠረጴዛው ነው።

በጨዋታው ወዳጆች ዘንድ በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የቆየ ንቀት አለ። እውነተኛ አጫዋች ከራሱ አፍልቆ ያጫውታል፣ ታትሞ የመጣውን የሚያጫውት ሰነፍ ነው ይባላል። ይህ አባባል ሌላ ቦታ እውነት ይሁን አይሁን፣ ይፋት ላይ አያዋጣም።

ሰው ከራሱ ሲያፈልቅ የሚያፈልቀው ሲሰማ የኖረውን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ልጅ የነበረ ዛሬ ጺም እያበቀለ ነው። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ረግጦ ሲመለስ ያየውን አይቷል። ይህን ወጣት ባዶ ወረቀት ሰጥተው «ለታሪክህ አንድ ክፉ ፍጠር» ቢሉት፣ ክፉው የሚናገርበት ዘዬ፣ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚመጣበት አቅጣጫ ከወዲሁ ተወስኗል። የዚህ ሰፈር ልጅ ከዚያ ሰፈር ያመጣዋል፤ የዚያ ሰፈር ልጅ ከዚህ። ስም ባይጠራ እንኳ ጠረጴዛውን የከበበ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰፈሩ የሆነ ይስቃል፤ ከዚያኛው ወገን የሆነ ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ታትሞ የመጣ መጽሐፍ ቢያንስ ክፉውን ከዊስኮንሲን ነው የሚያመጣው። ዘመድ የለውም፣ ብሔር የለውም፣ መታወቂያ የለውም።

ችግሩ ዊስኮንሲንም የራሱ ጠረፍ አለው።

ብዙ ሰው ከተጫወታቸው ጀብዱዎች አንዱ ጋይጋክስ ራሱ የጻፈው «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» ነው፤ «የጠረፍ ምሽግ» ማለት ይቻላል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከጀማሪዎች ሳጥን ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበር ለብዙ ሺህ ወጣቶች የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሆነ። በ2025 ለጀማሪዎች የወጣው አዲስ ሳጥንም ወደዚሁ ጠረፍ ነው የተመለሰው። ታሪኩ ቀላል ነው። በሥልጣኔ ዳርቻ አንድ የድንጋይ ምሽግ ቆሟል። ውስጡ ገዥ፣ ዘበኞች፣ አንጥረኛ፣ ነጋዴ፣ መጠጥ ቤትና ቤተ መቅደስ አለ። ከምሽጉ ብዙም ሳይርቅ ገደል አለ፤ በገደሉ ግራና ቀኝ ዋሻዎች አሉ፤ በየዋሻው አንድ አንድ የጭራቅ ጎሳ ይኖራል። ተጫዋቾቹ ምሽጉ ያድራሉ፣ ዋሻ ገብተው ይዋጋሉ፣ ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ። ጽሑፉ ለምሽጉ ሰዎች እንኳ ስም አላወጣላቸውም፤ ገዥው ገዥ፣ አንጥረኛው አንጥረኛ ብቻ ነው። ስም ማውጣት የአጫዋቹ ሥራ ነው።

መጽሐፉን ይፋት ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚያቆመው ቦታ አለ። በአንዳንዶቹ ዋሻዎች ውስጥ የማይዋጉ ሴቶችና ልጆች እንዳሉ ቁጥራቸው ሳይቀር ተጽፏል። ምን ይሁኑ? መልሱ ለጠረጴዛው ተትቷል። ከአርባ ዓመት በላይ በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች በዚህች ነጥብ ሲከራከሩ ኖረዋል። ለአብዛኞቹ የፍልስፍና ጥያቄ ናት። አጣዬ ላይ የፍልስፍና ጥያቄ አይደለችም።

ከዚህ የሚብስ ምክርም አለ። የዋሻው ጎሳዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ መጽሐፉ ይነግራል፤ ቀጥሎም ተጫዋቾቹ ይህን ካወቁ አንዱን በሌላው ላይ አነሳስተው፣ ሁለቱም ሲዳከሙ መግባት እንደሚችሉ ይጠቁማል። በጨዋታው ሕግ ይህ ብልጠት ነው። የዚህ ብልጠት ውጤት ምን እንደሚመስል በዚያ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው በራሱ ቤት ጣሪያ ያውቀዋል። በምሽጉ ውስጥ ደግሞ እንግዳ ሆኖ የገባ፣ የሃይማኖት ሰው መስሎ የሚኖር ጠላት አለ። ለጀብዱ ማጣፈጫ መልካም ቅመም ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር በለመደበት ሰፈር ግን «ከመካከላችን አንዱ ሰላይ ነው» ብሎ ጨዋታ መክፈት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

መጽሐፉን ግን መበደል አይገባም። የዚያ ዘመን ሕግ ዛሬ ብዙ አጫዋች የሚዘለው አንድ ሠንጠረዥ ነበረው። ተጫዋቾች ከማያውቁት ፍጡር ጋር ሲገናኙ አጫዋቹ ሁለት ዳይስ ይጥላል። ድምሩ ሁለት ከሆነ ፍጡሩ ወዲያው ያጠቃል፤ አሥራ ሁለት ከሆነ ወዳጅ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ መሃል ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ፍጡሩ አመንትቶ ይቆማል። የሚያመነታ ሰው ይነጋገራል። ሌላም ነገር አለ፦ አብዛኛው ነጥብ የሚገኘው ከግድያ ሳይሆን ወርቅ ይዞ ከመመለስ ነበር፤ ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች ካልተገደደ ሰይፍ አይመዝም። ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ይደረጋል፣ የማይሰጥበት ይቀራል። (ይህን ከጨዋታ ውጪም ማየት ለሚፈልግ ምሳሌ አይጠፋውም፤ አገሪቱ ውስጥ ለምን ሥራ ሹመት እንደሚሰጥ ማየት በቂ ነው።)

አሁን መጽሐፉን ይዞ ከጣርማበር ዋሻ ወደ ታች መውረድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ሸሚዝ አውልቆ ይደርሳል። ሽንኩርቱ፣ ማሾው፣ ማንጎው፣ የሮቢ ወንዝ። ወደ ሰሜን ትንሽ ሲኬድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ቀን የሚገበያዩበት የሰንበቴ ገበያ። አንዱ ጨው ይሸጣል፣ ሌላው እህል፣ ሌላው ከብት፣ ሌላው በእጁ የሸመነውን። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ዋሻ ውስጥ ያለ ጭራቅ አይደሉም፤ የዋጋ ተከራካሪ ናቸው። ጭራቅ የሚሆኑት ገበያው ሲበተን ነው።

ይፋት ጠረፍ የሆነው ዛሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የይፋትን አቆመ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው የደማስቆ ጸሐፊ ይፋትን ሲገልጽ ፍራፍሬውን፣ ሸንኮራውን፣ ጫቱን ሳይቀር ዘርዝሯል። ይፋትን በእግሩ አልረገጣትም፤ ከአገሩ ሰዎች ሰምቶ ነው የጻፈው። በዛሬ ቋንቋ፣ ያላየውን ዓለም ለሌላ ሰው የሚሆን አድርጎ ያዘጋጀ አጫዋች ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ክፍለ ዘመን የዐፄ አምደ ጽዮን የጦር ታሪክ ደግሞ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ላይ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ይተርካል። የመጀመሪያው የጫት ፖለቲካ ማለት ይሄ ነው።

የዚያ መንግሥት ከተሞች በተራራው ግርጌ አሁንም አሉ። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ፤ በድንጋይ የተካቡ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ የወላስማ ነገሥታት መቃብር። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በዚህ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት መዝግበዋቸዋል። የታተመ ጀብዱ የለመደ አጫዋች እነዚህን ፍርስራሾች ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ መዝረፍ። ከጥንቶቹ እውቅ ጀብዱዎች አንዱ፣ «ቱም ኦፍ ሆረርስ» የተባለው፣ ከስሙ ጀምሮ መቃብር ሰብሮ መግባት ነው። ይፋት ላይ ይህ አይሆንም። እነዚያ መቃብሮች የአንድ ሕዝብ ናቸው። በጨዋታም ቢሆን የሰው አያት መቃብር ላይ ዶማ ማንሳት ጠረጴዛውን ይበትናል፤ ቢበተንም ይገባዋል።

ለጠረፍ ምሽጉ የሚሆን የተሻለ ቦታ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847 በፈረንጆቹ፣ ከታጁራ ባሕር ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ በአልዩ አምባ ገበያ ያልፍ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 የወጡት በዚሁ ነው። ወደ ደጋው የሚያስገባውን በር በንጉሡ ስም የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ይባሉ ነበር። «ወላስማ» የማዕረግ ስም ሆኖ ነበር፤ የጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ዘር፣ ሙስሊም፣ የክርስቲያኑ ንጉሥ የጠረፍ አበጋዝ። መቀመጫቸው ጎንቾ ሲሆን የንጉሣዊው ቤተሰብ እስረኞች ሳይቀሩ የሚጠበቁት በእሳቸው እጅ ነበር።

ይህን ከጋይጋክስ ምሽግ ጋር ማስተያየት ይበቃል። በመጽሐፉ ምሽጉ ውስጥ ያለው «እኛ»፣ ዋሻ ውስጥ ያለው «እነሱ» ነው። በጎንቾ የበሩ ጠባቂ ራሱ ከማዶ የመጡት ሰዎች ዘመድ ነው። ከቆላ የሚመጣውን ቋንቋውን ያውቃል፤ በደጋ ያለው ጌታው ያምነዋል፣ ደግሞ ይፈራዋል። ቁልፉን ይዟል፤ የያዘው ግን የሌላ ሰው ቁልፍ ነው። የትኛውም ደራሲ ከራሱ ቢያፈልቅ ከዚህ የተሻለ ገዥ አያገኝም። ይህም ተረት አይደለም፣ የሆነ ነው።

ስለዚህ የመጽሐፉን አጥንት ትቶ ሥጋውን መለወጥ ነው። ካርታው ይቆይ። የዋሻዎቹ ቁጥር ይቆይ። በየዋሻው ያለው ግን የሚፈልገው ነገር ይኑረው። አንደኛው ዋሻ ውስጥ ያሉት ድርቅ ያባረራቸው ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ ውኃው ያለው ከምሽጉ በታች ነው። ሁለተኛው ውስጥ ያሉት የአሞሌ ጨው ቅፍለት የዘረፉ ሽፍቶች ናቸው፤ የዘረፉት ግን አንድ የምሽጉ ነጋዴ ዕዳውን ስለካደ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ደም ያለበት ቤተሰብ አለ፤ ሊታረቅ ይፈልጋል፣ ለመታረቅ ከዋሻው መውጣት አለበት፣ ከወጣ ደግሞ ይገደላል። ደም እንዴት እንደሚደርቅ ለማወቅ የዊስኮንሲን መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አበጋር በሚባለው የእርቅ ሥርዓት የተቀመጡ አባቶች በየቤቱ አሉ። ልጁ ለጨዋታው ሲል ሄዶ አያቱን ይጠይቅ። ምናልባት ከዳይሱ ሁሉ የሚበልጠው ያ ጥያቄ ይሆናል።

ነጥቡም ይለወጥ። ለገደለ ሳይሆን ቅፍለቱን ላሳለፈ፣ ውኃውን ላካፈለ፣ እርቁ ላይ ዋስ ሆኖ ለቆመ ይሰጥ። ሰይፍ መምዘዝ አይከልከል፤ ከተከለከለ ጨዋታው የሥነ ዜጋ ትምህርት ይሆናል፣ ያን ደግሞ ማንም ቅዳሜ ከሰዓት አይፈልገውም። የመዘዘ ግን የሚከተለውን ያያል። የገደለው ሽፍታ ወንድም አለው፤ ወንድሙ በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ይህማ የሰላም ግንባታ ሥልጠና ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ሥልጠናው ይታወቃል፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ አበል። እዚያም «ሮል ፕሌይ» የሚባል ነገር አለ፤ «እናንተ ገበሬ ሁኑ፣ እናንተ አርብቶ አደር ሁኑ» ተብሎ ለሩብ ሰዓት ይሞከርና ሻይ ይወጣል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ሁሉም ይታረቃል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። በጠረጴዛው ጨዋታ መጨረሻውን አጫዋቹም አያውቀውም። ደግሞ ሰው አንድን ገጸ ባሕርይ ለሦስት ወር ሲይዝ ቀስ በቀስ በዚያ ሰው አፍ ማሰብ ይጀምራል፤ ሲሸነፍ ይከፋዋል፣ ሲዋረድ ያመዋል። ይህ በሩብ ሰዓት አይመጣም። ጨዋታ ጦርነት ያቆማል የሚል የለም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ዳይስ አይጥልም። ጠመንጃ ላልያዘው፣ ገና ለሚያመነታው ነው።

የሚመጣው ሌላ ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ነው፤ አስማት፣ ሰይጣን፣ ጋኔን። በአሜሪካም በ1980ዎቹ ይኸው ክስ ቀርቦ ብዙ ወላጆችን አስደንግጦ ነበር። ተቃውሞውን በፌዝ ማለፍ ስህተት ነው። የጨዋታው ጭራቆች የማንም እምነት ስላልሆኑ ሰው ይስቅባቸዋል። ዛርና ጂኒ ግን ይፋት ላይ የጭራቅ ዝርዝር ውስጥ የሚገቡ አይደሉም፤ የአንድ ሰው እናት ሕመም ናቸው። አስተዋይ አጫዋች እነሱን አይነካም። ጠረጴዛው ላይ ታቦትም ቁርኣንም የጨዋታ ዕቃ አይሆኑም። ይህ ሳንሱር ሳይሆን አብሮ ለመቀመጥ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ትንሽ ዋጋ ነው።

ገንዘቡስ? ደረቅ ሽፋን ያለው አንድ የጀብዱ መጽሐፍ 50 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ ዶላሩ ቢገኝ እንኳ ካርዱ አይገኝም። የጨዋታው ሕግ ግን ነፃ ነው። የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2023 መጀመሪያ ከ2000 ጀምሮ የነበረውን ክፍት ፈቃድ ሊያጠብ ሲሞክር ተጫዋቾች ተነሱበት፤ ኩባንያው ወደ ኋላ ተመልሶ የሕጉን ዋና ክፍል በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ምንጩን ከጠቀሰ ማንም ሰው ሊተረጉመው፣ ሊያሳትመው፣ ሊሸጠውም ይችላል። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአፋርኛም፣ በአርጎብኛም። «የጠረፍ ምሽግ» ራሱ በዚህ ፈቃድ ውስጥ የለም፤ እሱን ቤት ውስጥ ለውጦ ማጫወት ይቻላል፣ ተርጉሞ መሸጥ ግን አይቻልም። የሚሸጠው የጎንቾው ነው፣ ከተጻፈ።

መጻፍ ደግሞ አለበት። በ2022 ይኸው ኩባንያ ያወጣው «ጀርኒስ ስሩ ዘ ራዲያንት ሲታደል» የተባለ መድበል ከኮሪያ፣ ከሜክሲኮ፣ ከኢራን፣ ከቤንጋል ባህል የተቀዱ አጫጭር ጀብዱዎችን ይዟል፤ አሥራ ሦስት ናቸው፣ የጻፏቸውም ብዙዎቹ ከየባህሉ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በአገር ቤትም ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል ታሪክ ያነባል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የይፋትን ጀብዱ መጻፍ ያለበት የይፋት ሰው ነው፤ ከአንድ ሰው ይልቅ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፣ አንዱ ከምሽጉ አንዱ ከዋሻው።

ለዳይሱ ማንም አይጨነቅ። ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በኩባያ ውስጥ ከገቡ ይበቃሉ። አጫዋቹ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቀድሞ ያንብብ፤ ጨዋታው ላይ ግን እንደ ክፍል ንባብ ጮክ ብሎ አያንብበው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማን ምን እንደሚፈልግ ይጻፍና መጽሐፉን ይዝጋ። ተጫዋቾቹ ከካርታው ከወጡ አይጎትታቸው፤ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሄደው ሦስት ሰዓት ሙሉ የጨው ዋጋ ሲከራከሩ ከዋሉ፣ ያ ቀን ባክኗል ማለት አይደለም። ይፋትን አግኝተዋታል።

የጋይጋክስ ጀብዱ የሚጀምረው በር ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ምሽጉ ደጃፍ ሲደርሱ ዘበኛው አስቁሞ ስማቸውንና የመጡበትን ጉዳይ ይጠይቃል። በመጽሐፉ አጭር ቦታ ነው፤ አብዛኛው አጫዋች በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ መቆየት ያለበት እዚያ ነው። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ መታወቂያውን ያላሳየ፣ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን እያዩ ፊቱን ያላጠኑት ወጣት በዚያ መንገድ የለም። አጫዋቹ ይህን በር ሲያጫውት አንድ ነገር ይለውጥ፤ ዘበኛውን እሱ አይያዘው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ይያዘው፣ ኬላ ላይ ብዙ የቆመው። ሌሎቹ ከቆላ የመጡ ቅፍለተኞች ይሁኑ። ዘበኛው ጦሩን ይዞ ይቁም፣ ከኋላው የወላስማው ትእዛዝ አለ፣ ከፊቱ አቧራ የለበሱ አራት ሰዎች። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ በሩ ከጨለመ አይከፈትም፤ በረሃው ውስጥ ደግሞ ጅብ አለ። ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም።